ፊግማ ለመማር ማስተርስ? የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብርን ማጥናት ለምታስብ እህት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ የሞባይል አፕ ከሚሠሩት ዴቨሎፐሮች አንዷ ነኝ። ኤችሲአይን (የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብርን) በዲግሪ አንድ ኮርስ ወስጃለሁ። ስላይድ ሸምድደን ተፈተንን፣ አለቀ። አሁን ውጭ ሄጄ በዚሁ ማስተርሴን መሥራት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹ፊግማ ለመማር ማስተርስ? ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለልሽ› እያሉ ይስቁብኛል። ስዕልም አልችልም። ደግሞ ኤአይ ስክሪኑን ራሱ መሥራት በጀመረበት ዘመን ዋጋ አለው? ምንድን ነው የሚያስተምሩት? የትስ ልማር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኞችሽ ግማሹን እውነት ነግረውሻል። ፊግማ የስክሪን ንድፍ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ለእሱ ብሎ ማንም ዩኒቨርሲቲ መግባት የለበትም። ጥቂት ሳምንት ቁጭ ካልሽ ትይዢዋለሽ። ጥሩ ፕሮግራሞችም ብዙ ጊዜ አይሰጡበትም፤ በትርፍ ሰዓትሽ ትለምጂዋለሽ ተብሎ ነው የሚታለፈው። የስዕሉን ነገርም እርሺው። ሳጥንና ቀስት መሣል ከቻልሽ በቂ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ለሌላ ነገር ነው። ሰው ፊቱ ያለው መሣሪያ ለምን እንዳስቸገረው በማስረጃ ለማወቅ። በመንገዱም ላይ ራስን ላለማታለል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል።

ሙያው ከየት እንደመጣ ላጫውትሽ፤ የሚያስተምሩትን ለመረዳት ይጠቅምሻል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የሚባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አንድ ክፉ አመል ነበረው። በሰላም ካረፈ በኋላ፣ ማኮብኮቢያው ላይ ሳለ፣ ፓይለቱ ጎማውን ያጥፈዋል። አውሮፕላኑም በሆዱ ይዘረጋል። መዝገቡ ላይ «የፓይለት ስህተት» ተብሎ ይጻፋል። በ1943 አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል ወጣት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን መረመረው። ኮክፒቱን ሲያይ ጎማውን የሚያጥፈው ማብሪያና የክንፉን ፍላፕ የሚያንቀሳቅሰው ማብሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መልካቸውም አንድ ነው። ካረፉ በኋላ መታጠፍ ያለበት ፍላፑ ነበር። የደከመው ፓይለት እጅ ግን ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ሲ-47 በሚባለው ማመላለሻ አውሮፕላን የሁለቱ አቀማመጥ የተለየ ነበር፤ እዚያ ይህ ችግር አልታየም። ስለዚህ ስንፍናም ግዴለሽነትም አልነበረም።

ቻፓኒስ ፓይለቶቹን ስብሰባ ጠርቶ «ተጠንቀቁ» አላለም። የጎማው መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ጎማ፣ የፍላፑ ላይ ደግሞ እንደ ክንፍ የሾለ ሽብልቅ እንዲደረግ አደረገ። ፓይለቱ በጨለማም ቢሆን ዳስሶ ይለያቸዋል። የዛሬ የመንገደኛ አውሮፕላን ኮክፒት ፎቶ አግኝተሽ ብታዪ የጎማው እጀታ ጫፍ ክብ ነው። ደንብ ሆኖ ቀርቷል።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ «የፓይለት ስህተት» የተባሉ 460 ገጠመኞችን ሰብስበው በ1947 አወጡ። ስህተቶቹ በዘፈቀደ የተበተኑ አልነበሩም፤ መሣሪያው ራሱ እየጠራቸው የሚመጡ ነበሩ። ይኸው ፊትስ በ1954 እጅ አንድ ዒላማ ላይ ለመድረስ የሚወስድበትን ጊዜ ከዒላማው ርቀትና ስፋት የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በ1978 ፓርክ (PARC) የሚባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ማውስን ከጆይስቲክና ከኪቦርድ ቁልፎች ጋር ያወዳደሩት በዚሁ ቀመር ነው፤ ማውስም አሸነፈ። ነገ ስብሰባ ላይ «‹ላክ› የሚለው ቁልፍ ይተለቅ፣ ወደ አውራ ጣትም ይቅረብ» ብትዪና አለቃሽ «ያስጠላል» ቢልሽ፣ ክርክሩ የውበት ብቻ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

አንቺ በኮርሱ ላይ የፊትስን ቀመር ሸምድደሽ ይሆናል። ማስተርስ ላይ ልዩነቱ ራስሽ መለካትሽ ነው።

ወደ ትምህርቱ ልግባ። ሥነ ልቦና አለ፦ ትኩረት፣ ትውስታ፣ ዓይን እንዴት እንደሚያነብ። ስታቲስቲክስ አለ፤ ከኮምፒውተር ሳይንስ ለመጣ ሰው የሚከብድ አይደለም። ፕሮቶታይፕ (የሙከራ ናሙና) መሥራት አለ፤ መጀመሪያ በወረቀት፣ ቆይቶ በኮድ። አካል ጉዳተኞችን ያላገለለ ዲዛይን አለ፤ ለምሳሌ ጽሑፍና ጀርባው ቢያንስ 4.5 ለ1 ንፅፅር ይኑራቸው የሚለው መስፈርት እዚህ ይመጣል። የምርምር ሥነ ምግባርም አለ፤ ማንንም ከመቅረጽሽ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ትወስጃለሽ። ይህን ሁሉ ትወጪዋለሽ። ሰውን የምታዪበት ኮርስ ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ ልቆይ።

ጮክ ብሎ ማሰብ የሚባል ዘዴ አለ። በ1982 ክሌይተን ሉዊስ አይቢኤም ውስጥ ሆኖ ነው ለዚህ ሥራ ያስተዋወቀው። ሰውዬውን አፑ ፊት ታስቀምጪዋለሽ። አንድ ሥራ ትሰጪዋለሽ። የሚያስበውን እየተናገረ እንዲሠራ ትጠይቂዋለሽ። ከዚያ ዝም። ለዴቨሎፐር ከባዱ ይሄ ዝምታ ነው። ራስሽ የሠራሽውን ገጽ ሰው እያየው «የት ነው ያለው?» ሲል፣ «ከላይ፣ በቀኝ በኩል!» ልትዪ አፍሽ ይበላሻል። ካልሽ ግን ፈተናው አበቃ። ያየሽው የራስሽን ማብራሪያ እንጂ አፑን አይደለም። ተማሪዎች የመጀመሪያውን ቅጂያቸውን መልሰው ሲሰሙ የሚያፍሩት በዚህ ነው፤ ግማሹ ንግግር የራሳቸው ነው።

ጥያቄ መጠየቅም እንደገና ይማሩታል። «ይህ ነገር ቢኖር ትጠቀሚበታለሽ?» ብለሽ የምትጠይቂው ሁሉ «አዎ» ይልሻል። «ባለፈው ለወንድምሽ ብር ስትልኪ ከመጀመሪያው ጀምሮ ምን እንዳደረግሽ ንገሪኝ» ብትያት ግን ወሬው ይመጣል። ቁጥሩን ከቴሌግራም ገልብጣ፣ አንዴ ተሳስታ፣ ደውላ አረጋግጣ፣ መጨረሻ ላይ ስክሪንሾት አንስታ እንደላከችለት። ያ ስክሪንሾት ትልቅ ግኝት ነው። ከባንኩ የሚመጣውን ደረሰኝ ሰው አላመነውም ወይም ማጋራት አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሄደሽ ታጣሪያለሽ።

እኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ አለ። እንግዳ ሆነሽ፣ ላፕቶፕሽን ይዘሽ፣ «ይህን የሠራነው እኛ ነን፣ እንዴት አገኙት?» ስትዪ «ኧረ በጣም ቆንጆ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ» ነው መልሱ። ቡናም ይፈላልሻል። ሪፖርትሽ ላይም «ተጠቃሚዎች ወደውታል» ብለሽ ትጽፊያለሽ። እንደ ባህል ብቻ አድርገሽ እንዳታዪው፣ ተለክቷል። ኒኮላ ዴልና ባልደረቦቿ በ2012 ባወጡት ጥናት ሕንድ፣ ባንጋሎር ውስጥ 450 ሰዎችን ጠየቁ። ያቀረቡላቸው ሁለቱ ነገሮች ፍጹም አንድ ዓይነት በሆኑበት ጊዜ እንኳ፣ ሰዎቹ ጠያቂው ሠራው ብለው ያመኑትን የመምረጥ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ገደማ ነበር። ጠያቂው አስተርጓሚ የሚያስፈልገው የውጭ ዜጋ ሲሆን 5 እጥፍ ደረሰ። ከውጭ የሚመጡ ድርጅቶች «ማህበረሰቡ በደስታ ተቀብሎታል» የሚሉትን ሪፖርት ከዚህ በኋላ በሌላ ዓይን ነው የምታነቢው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? አፑን «የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ እኔ ስህተቱን እየፈለግሁ ነው» ብሎ ማቅረብ። ሁለት አማራጭ ሰጥቶ ማወዳደር። ከምስጋናው ይልቅ ጣቱ የት እንደቆመ መመዝገብ። እነዚህን ዩቲዩብ ላይ ታገኚያቸዋለሽ። ሪፖርትሽን ቀይ በቀይ አድርጎ «ይህን እንዴት አወቅሽ?» እያለ የሚመልስልሽ መምህር ግን እዚያ የለም። እኔ እንደማየው የማስተርሱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ቁጥር ላይም ተንኮል አለ። «አምስት ሰው ብትፈትኑ ይበቃል» ሲባል ሰምተሻል። ከኒልሰንና ከላንዳወር የ1993 ሥራ የመጣ ነው። አንድ ተፈታኝ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶውን ካገኘ፣ አምስቱ ሲደመሩ 85 በመቶ ገደማ ያገኛሉ። ሂሳቡ ልክ ነው። ግን ከአሥር ሰው አንዱን ብቻ የሚመታ ችግር ቢሆንስ? ያኔ አምስት ሰው ፈትነሽ ችግሩን የማግኘት ዕድልሽ 41 በመቶ ብቻ ነው፤ ራስሽ አስይው። ለባንክ ደግሞ ከአሥር አንድ ደንበኛ ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው ቢልክ ትንሽ ነገር አይደለም። አምስት ሰው ፈትኖ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና አምስት መፈተን ነው ቁም ነገሩ። ሌላው ደግሞ ኤስዩኤስ የሚባለው፣ አንድ ምርት ለአጠቃቀም ምን ያህል እንደሚመች የሚለካ የአሥር ጥያቄ መጠይቅ ነው፤ ጆን ብሩክ በ1986 ያዘጋጀው። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ስለሆነ 68 ያመጣ ቡድን «ከግማሽ በላይ አመጣን» ብሎ ይደሰታል። 68 የብዙ ምርቶች አማካይ ነው። መካከለኛ ነሽ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ተጠቃሚ ተኮር ዲዛይን ሲባል ደግሞ ሁሉም አገር አንድ ዓይነት አይደለም። አሜሪካኖቹ ከላብራቶሪው ወገን ናቸው። ስካንዲኔቪያኖቹ ከሠራተኛ ማህበር ነው የጀመሩት። ሲሙላ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከፈጠሩት አንዱ፣ ኖርዌያዊው ክሪስተን ኒጋርድ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከአገሩ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማህበር ጋር ሆኖ ኮምፒውተር ሥራቸውን እንዴት እንደሚለውጠው አጠና። ከ1981 እስከ 1985 ደግሞ ዩቶፒያ በሚባለው የስዊድንና የዴንማርክ ፕሮጀክት የኅትመት ሠራተኞች ገና ያልተሠራውን መሣሪያ በካርቶን ሠርተው፣ ካርቶኑ ፊት ቆመው ሥራቸውን ሠርተው አሳዩ። ይህ ላንቺ በቀጥታ ይጠቅምሻል። የባንክ ሲስተም ሲሠራ «ተጠቃሚ» የሚባለው ደንበኛው ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሲስተሙ ጋር የሚጋጨው ግን መስኮት ላይ ያለው ቴለር ነው። ማን ጠይቆት ያውቃል?

አንቺ ይዘሽ የምትሄጂውም ነገር ቀላል አይደለም። አውሮፓ የተሠራ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ሲጠይቅ የአባትሽን ስም ትጽፊያለሽ፤ ልጅሽ ደግሞ የባልሽን። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ሐበሻ ሁሉ በዚህ ቢሮ ለቢሮ ተንከራቷል። «ቀጠሮ 3:00» የሚል መልእክት ጠዋት ይሁን ከሰዓት አይታወቅም፤ ስልኩ በአንዱ ሰዓት ሰውዬው በሌላው ነው የሚኖረው። ቀን መምረጫው 13ኛ ወር የለውም። እነዚህ ግን የሚታዩት ናቸው። ከባዱ የማይታየው ነው። ቴሌብር በ2021 ሲጀመር በአፕም፣ በተራ ስልክ *127# በመደወልም እንዲሠራ ሆኖ ነው የመጣው። ጥሩ ነው። ግን ብዙ እናቶች ስልኩን ለልጃቸው ወይም ለሰፈሩ ባለሱቅ ይሰጡታል፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ጮክ ብለው ይነግሩታል። በፈረንጁ መጽሐፍ አንድ ስልክ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሚስጥር ነው። በኛ ሰፈር ተጠቃሚው ሁለት ሦስት ሰው ነው። «ደንበኞች ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ የ1943ቱን «የፓይለት ስህተት» መድገም ግን ነው። ባለሱቁ እንዲረዳ፣ ግን እንዳይሰርቅ አድርጎ የሚሠራ ዲዛይን ምን ይመስላል? ለቴሲስ ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ታመጫለሽ?

ኤአይን በተመለከተ ባጭሩ። ስክሪን ይሠራል፣ ቆንጆም ይሠራል። ስለዚህ ስክሪን መሥራት ብቻ የሚችል ሰው ይስጋ። አሁን አሁን እውነተኛ ሰው ከመፈተን ይልቅ «ተጠቃሚ ሆነህ መልስልኝ» ብለው ኤአይን የሚጠይቁ አሉ። እኔ አልቀበለውም። የመርካቶ ነጋዴ አፑን እንዴት እንደምትጠቀም ማንም ካልጻፈው ማሽኑ ከየት ያውቀዋል? በተረፈ ኤአይ ራሱ ትልቅ የጥናት መስክ ሆኗል። ለምሳሌ በአማርኛ የሚያወራ የባንክ ረዳት ልትሠሩ ብትሉ፣ አንድ ኮድ ሳትጽፉ መፈተን ትችላላችሁ። ደንበኛው ከማሽን ጋር የሚያወራ ይመስለዋል፤ ከኋላ ግን ባልደረባሽ ናት የምትመልሰው። ሲያልቅ እውነቱን ትነግሪዋለሽ። ይህን ዘዴ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆን ኬሊ ተጠቅሞበታል፣ ዛሬም ክፍል ውስጥ ይሠራበታል።

የት ልማር ላልሽው፦ ከስሙ በፊት ፕሮግራሙ የማን ቤት እንዳለ እዪ። አንድ ዓይነት ስም ይዞ ሥነ ልቦና ክፍል ውስጥ ያለውና ዲዛይን ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው ሌላና ሌላ ናቸው። ጆርጂያ ቴክ በአራት ክፍሎች በጋራ ነው የሚመራው፤ ስትገቢ ከኮምፒውቲንግ፣ ከሥነ ልቦና፣ ከኢንዱስትሪያል ዲዛይንና ከሚዲያ መንገዱን ትመርጫለሽ። ካርኔጊ ሜለን ለመስኩ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት አለው፤ ማስተርሱ በአንድ ዓመት ተጨምቆ ከውጭ ደንበኛ ጋር በሚሠራ ትልቅ ፕሮጀክት ያልቃል። ክፍያው ግን ያስደነግጣል። ለንደን ዩሲኤልም አንድ ዓመት ነው፤ ወደ ሥነ ልቦናና ምርምር ያደላል።

ከኪስሽ ለሚወጣው ገንዘብ ካሰብሽ ግን ጀርመንን አስቀድሚ። ባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ቫይማር ይህንኑ ማስተርስ በእንግሊዝኛ በአራት ሴሚስተር ይሰጣል። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን-ቩርተምበርግ ያሉት ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላሉ። ለቪዛ የሚጠየቀውን የብሎክድ አካውንት ገንዘብ (ለኑሮ ተብሎ አስቀድሞ ባንክ የሚቀመጠውን) ግን ከወዲሁ አስቢበት፤ ብዙ ልጆች ተቀባይነት ካገኙ በኋላ የሚቀሩት እዚያ ላይ ነው።

መምህራኑንም አጣሪ። ቺአይ (CHI) የሚባለው ጉባኤ ከ1982 ጀምሮ የመስኩ ዋና መድረክ ነው። እዚያ ሥራ የሚያቀርቡ ናቸው? አፍሪካ ላይ የሠራ ሰው ካለ ደግሞ በ2016 ናይሮቢ ላይ በተጀመረው የአፍሪካ ጉባኤ፣ አፍሪቺአይ (AfriCHI)፣ ስሙን ታገኚዋለሽ። እንዲህ ያለ መምህር ስለ ባለሱቁና ስለ እናቲቱ ስትነግሪው ከመጀመሪያ ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

ስለ ሥራም ልዋሽሽ አልፈልግም። አዲስ አበባ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ «ዩአይ/ዩኤክስ ዲዛይነር» ነው፤ የሚፈልጉትም ስክሪን ነው። ተመራማሪ ብሎ የሚቀጥር ጥቂት ነው። ተመልሰሽ ብትመጪ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስክሪን እየሠራሽ ምርምሩን በጎን ማስገባት ይኖርብሻል። ኮድ መጻፍ መቻልሽ እዚህ ያድንሻል፤ እንዳትተዪው።

ፖርትፎሊዮ ሲጠይቁሽ የሠራሽውን ስክሪን ሁሉ አትደርድሪ። አንድ ሥራ ይበቃል። ከአፑ አንድ ነገር ምረጪ፣ ብር መላክን በዪው። አምስት ሰው ፈልጊ፤ ከመሥሪያ ቤትሽ አይሁኑ፣ ሁለቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ይሁኑ። ሲጠቀሙ እዪ፣ ዝም በዪ፣ ጻፊ። አስተካክለሽ ሌላ አምስት ሰው አምጪ። ከዚያ በሦስት ገጽ፦ ምን ጠብቀሽ ነበር፣ ምን አየሽ፣ ምን ቀየርሽ፣ ከዚያስ ምን ሆነ። ያልተሻሻለውንም ጻፊው፤ መራጮቹ የሚያምኑሽ እዚያ ላይ ነው። የሰዎቹን ስምና የሂሳብ ቁጥር ደምስሺ። ባንኩንም በጽሑፍ አስፈቅጂ። እምቢ ካለ በሌላ አፕ ሥሪው፣ ማንም አይቆጥርብሽም።

የአሜሪካዎቹ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይዘጋል፣ የአውሮፓዎቹ ከዚያ ወዲህ እስከ ፀደያቸው ድረስ። ሁለተኛዎቹን አምስት ሰዎች ከመስከረም በፊት ብትጨርሺ፣ ጽሑፉን ለሰው አስነብበሽ ለማረም ጊዜ ይተርፍሻል።